ለሥራ የሄደ ሰው ኳስ አይይ ያለው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከመሥሪያ ቤቱ የደረሰውን ሰርኩላር ላከልኝ። አነበብኩት። ስጨርስ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። በትክክል ያልገባኝ መስሎኝ ነበር። ገብቶኛል።

ሰርኩላሩ በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ሰሞን ለሥራ ወደ ውጭ የሚላኩ ሠራተኞችን ይመለከታል። ሠራተኛው ጨዋታ ወደሚታይበት አደባባይና አዳራሽ አይሄድም። የየትኛውንም ቡድን ማሊያ አይለብስም። ከተላከበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር «ከጉዳዩ ውጭ የሆነ የኳስ ወሬ» አያወራም። ይህን እንደሚያከብርም ከመሄዱ በፊት ቅጽ ላይ ይፈርማል። ከሥር ደግሞ ማብራሪያ አለው። «ጨዋታ ማየት የፈለገ ሠራተኛ በሆቴል ክፍሉ ማየት ወይም ጎሎቹን በማግስቱ በስልኩ መመልከት ስለሚችል፣ ክልከላው የሚያሳጣው ነገር የለም።»

የሚያሳጣው ነገር የለም!

ያንገበገበችኝ ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። አለቆች ሲከለክሉ አዲስ አይደለም። እኔም ብዙ ተከልክያለሁ። የማያውቁትን ነገር «ዋጋ የለውም» ብለው በማህተም ሲያጸድቁ ግን ዝም ማለት አልችልም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ወዳጄ ነገ ጠዋት እዚያው ነው የሚገባው። ደግሞም ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በኦዲት ሥራ ከአገር አገር መዞር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየዋንጫው ዋዜማ ይህን ንግግር እሰማለሁ። «የላክንህ ለሥራ ነው፣ ለኳስ አይደለም።» ሥራና ኳስ እንደ ዘይትና ውሃ የማይገናኙ ይመስል።

እሺ፣ «በክፍሉ ያያል» ከሚለው ልጀምር። ይህን የጻፈ ሰው በውድድር ሰሞን፣ በሰው አገር፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ኳስ አይቶ አያውቅም። እኔ አይቻለሁ። የክፍሉ ቴሌቪዥን ከከተማው ይዘገያል። ሥርጭቱ ዞሮ ዞሮ ስለሚደርስ ጥቂት ሰከንዶች ወደ ኋላ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ናት። ከመስኮቱ ውጭ ግን ከተማው በአንድ ድምፅ ይጮሃል። ጎል መግባቱን ከጩኸቱ ታውቃላችሁ። ከዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ሌላው ሰው ጨርሶ የተቃቀፈበትን ነገር ትጠብቃላችሁ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ከሺህ ሰው ደስታ የሚለያችሁ አንድ መስታወት ነው። መስታወቱን የዘጋባችሁ ደግሞ አለቃችሁ ነው።

«በማግስቱ በስልኩ ያያል» የሚለው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2014 በብራዚሏ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ፣ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ፣ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 አሸነፈች። ጎሎቹን በስልክ ያየ ሰው የብራዚል መረብ ሰባት ጊዜ ሲናወጥ ያያል። ከ23ኛው እስከ 29ኛው ደቂቃ ድረስ ብቻ አራት ጎል ገብቷል፤ ቪዲዮው ላይ ያስቃል። ለዚያ አገር ሕዝብ ግን የለቅሶ ቀን ነበር። ብራዚላውያን ዛሬም ነገር ሲበላሽባቸው «በየቀኑ አዲስ 7 ለ 1» ይላሉ። አባባል ሆኗል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ስብሰባ የገባ ሰው በዚያች ቀን ማግስት ምን ይላል? ምናልባት ፈገግ ብሎ «ትናንት ሰባት ገባባችሁ አይደል?» ይላል። ያንን ካለ በኋላ ውሉን ማን እንደሚፈርምለት ሰርኩላር ጻፊው ይንገረኝ። ማታ ከእነሱ ጋር የተቀመጠ ሰው ግን ጠዋት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

በ2010 ለሁለት ሳምንት ጆሃንስበርግ ተልኬ ነበር። የአንድ ድርጅት መጋዘን ልንመረምር ነው የሄድነው። ኦዲተር የትም ቢሄድ አይወደድም። ሥራችን ስለሆነ ለምደነዋል። ያኔ የገጠመኝ ግን ከልማድም ያለፈ ነበር። ስጠይቅ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ሰነድ ስፈልግ «ነገ» ነው። ነገ ስመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ። ሲስተሙ የሚለውና መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አይገጥምም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። አራት ቀን ሙሉ ከእሳቸው ያገኘሁት ሰላምታ ብቻ ነው።

ጁላይ 2 አርብ ዋለ። ጠዋት ስገባ ቢሮው ቢጫ ሆኗል። ደቡብ አፍሪካውያን በዚያ ሰሞን አርብ አርብ የብሔራዊ ቡድናቸውን ማሊያ ለብሰው ነበር ሥራ የሚገቡት። «የኳስ አርብ» ይሉታል። ባፋና ባፋና የሚሉት ብሔራዊ ቡድናቸው ከወደቀ እኮ አሥር ቀን አልፎታል። ፈረንሳይን 2 ለ 1 ቢያሸንፍም አልዳነም። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከመጀመሪያው ዙር የተሰናበተ የመጀመሪያው አስተናጋጅ ሆኗል። ማሊያው ግን ከሰው ላይ አልወለቀም። እንዲያውም ብዙዎቹ በቢጫው ላይ የጋናን ባንዲራ ደርበዋል። ከስድስቱ የአፍሪካ ቡድኖች ምድቡን ያለፈው ጋና ብቻ ነበር። ስሙንም የራሳቸው አድርገውታል፤ «ባጋና ባጋና» ይሉታል። ማታ ከኡራጓይ ጋር ሩብ ፍጻሜ አለ።

እኔ ጥቁር ኮት ለብሼ፣ ፋይሌን አቅፌ ቆሜያለሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ በሩ ላይ አዩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ማታ የማን ነሽ?»

በአራት ቀን ውስጥ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«የጋና» አልኳቸው።

«ታዲያ ሆቴል ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ማታ ከባለቤታቸውና ከሁለት የቢሮ ልጆች ጋር መጥተው ወሰዱኝ። ሶዌቶ ውስጥ ትልቅ ስክሪን የተተከለበት ቦታ ሄድን። ብርድ ነበር፤ ጁላይ እዚያ ክረምት ነው። ጨዋታው የሚደረገው እዚያው ከተማ፣ ሶከር ሲቲ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ከ84 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። እኛ ጋ ያለው ሕዝብ ግን ስታዲየም የቀረበት አይመስልም ነበር። የጋናው ሙንታሪ ከሩቅ አክርሮ መትቶ ሲያገባ ማን እንዳቀፈኝ አላውቅም። የኡራጓዩ ፎርላን በቅጣት ምት አቻ ሲያደርግ ሁላችንም አንድ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት መጣ።

የመጨረሻዋን ደቂቃ ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የጋናው አዲያ በቴስታ የመታት ኳስ መረብ ልትነካ ስትል የኡራጓዩ ሱዋሬዝ መስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ መለሳት። ቀይ ካርድ፣ ሪጎሬ። አሳሞአ ጂያን ቆመ። አንድም የአፍሪካ ቡድን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም ነበር። አንዲት ምት ቀርታለች። ጂያን መታ፤ ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወደ ሰማይ ወጣች።

ቩቩዜላ የሚባለው የደጋፊዎች ጥሩምባ ሌት ተቀን ሲጮህባት የሰነበተች ከተማ ጭጭ አለች። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት የለበሰችውን ብርድ ልብስ ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው በማሊያቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው ሲያደርጉት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። በመለያ ምት 4 ለ 2 ተሸነፍን። «ተሸነፍን» የምለው አስቤበት ነው። እዚያ ከነበረው ሰው ብዙው ጋናዊ አይደለም። እኔም አይደለሁም።

አንድ ነገር መነሳት አለበት። ከዚያች ሌሊት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 2008፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ በተነሳ ጥቃት ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጡ ሰዎች «መጤ» እየተባሉ ከቤታቸው ተባረዋል። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቶ ከስልሳ በላይ ሰው ሞቷል። ዋንጫው ሲያልቅ ያ ነገር ይመለሳል የሚል ወሬ በ2010ም ይናፈስ ነበር። እኔም ሰምቼ፣ ፈርቼ ነው የሄድኩት። ኳስ ያንን ቁስል አዳነ አልልም። አላዳነም። ግን በዚያች ሌሊት የብርድ ልብሷን ያካፈለችኝ ሴት ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ይህን በሆቴል ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ከየት አገኘው ነበር?

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። በብብታቸው ይዘውት ከነበረው ጋዜጣ ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አወጡ። ሲስተሙ ላይ ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ ሁሉ፣ ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው መኪና፣ በስንት ቀን እንደወጣ በእጃቸው ጽፈውበታል። ለዓመታት የያዙት ደብተር ነው።

«ይህን ለማን እንደምሰጥ አላውቅም ነበር» አሉኝ።

አራት ቀን የለመንኩት፣ ሦስት ደብዳቤ የጻፍኩበት ነገር እዚያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ኳስ የሥራ ጠላት ነው ሲለኝ ያንን ጥቁር ደብተር አስታውሳለሁ። ለእኔ አንድ የኳስ ምሽት ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል። ይህን በየትም ቦታ፣ በማንም አለቃ ፊት እናገራለሁ።

እዚህ ጋ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ኦዲተር ከሚመረምረው ሰው ጋር አይወዳጅም» ይሉኛል። ልክ ነው፤ አይወዳጅም። ስጦታ አይቀበልም፣ ውለታ አይገባም፣ ያየውን አይሸፍንም። መተማመን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ደብተር ማንንም አላዳነም። ያጋለጣቸው ሰዎች ግን ነበሩ። ሰውየው ደብተሩን የሰጡኝ ሰው መሆኔን ስላዩ ነው። እስከዚያ ድረስ ያዩት ኮትና ፋይል ብቻ ነበር።

ለምን ኳስ? ለምን ሌላ ነገር አይሆንም? ሰው አገር ስትሄዱ ስለ ፖለቲካ ለማውራት ትፈራላችሁ። ስለ ሃይማኖት ብትጀምሩ መሳሳት አለ። ስለ ደመወዝ አይጠየቅም። ስለ አየር ጠባይ የሚወራው ወሬ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ኳስ ግን ሁለታችሁም የምታውቁት፣ መጨረሻውን ደግሞ ሁለታችሁም የማታውቁት ነገር ነው። ሹፌሩና ዳይሬክተሩ እኩል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሹፌሩ ይበልጣል። ቋንቋው ባይገጥም እንኳ የአሥራ አንድ ሰው ስም ይበቃል። ስሙን ትጠራላችሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል ወይም እጁን ያወናጭፋል። ወሬ ተጀመረ ማለት ነው።

የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ደግሞ ከሊግ ኳስ ይለያል። የክለብ ፍቅር አንድን ከተማ፣ አንዳንዴም አንድን ቤት ለሁለት ይከፍላል። ዋንጫ ሲመጣ ግን ቂሙም ቀልዱም ለአንድ ወር ይቀመጣል። አገሩ በአንድ ወገን ይቆማል። እንግዳ ሰው አንድን ሕዝብ አንድ ላይ ሆኖ የሚያይበት ሌላ ጊዜ የት ይገኛል? ሰው ዕድሜውን በዋንጫ ይቆጥራል። «ልጄ የተወለደችው ያ ጨዋታ የነበረ ሰሞን ነው» ይላል። «አባቴ ያንን ፍጻሜ አይቶ ነው የሞተው» ይላል። አንድን ሰው ስለ አንድ ጨዋታ ጠይቁት፤ ሕይወቱን ይነግራችኋል። ይህን «ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ወሬ» ብሎ መጥራት ሰውን ራሱን ከጉዳዩ ውጭ ማድረግ ነው።

የሰርኩላሩን ፈራሚ ንግግር ደግሞ ወዳጄ ነገረኝ። ሠራተኞቹን ሰብስበው «አስተናጋጆቻችን ቁም ነገር የሌለን ሰዎች አድርገው እንዳያዩን» አሉ። ይህን ስሰማ ዳካር ትዝ አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 2022 ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ። እሑድ ማታ ያውንዴ ላይ ሴኔጋልና ግብፅ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይጫወታሉ። የስብሰባው አስተባባሪ ቤታቸው ጠሩኝ፤ ሄድኩ። የሴኔጋሉ ማኔ ገና በሰባተኛው ደቂቃ ሪጎሬ ሳተ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አንድ አዛውንት «ከ2002 ጀምሮ ይሄው ነው» አሉ። በ2002 ባማኮ ላይ ሴኔጋል በፍጻሜው በካሜሩን ስትሸነፍ የመጨረሻዋን መለያ ምት የሳተው አምበሉ አሊዩ ሲሴ ነበር። በዚያች ማታ አሠልጣኙ እሱው ነበር። ሃያ ዓመት የተሸከመውን ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮት ተሸክሟል። ይህን አዛውንቱ አጠገቤ ተቀምጠው ባይነግሩኝ ኖሮ ለእኔ የሃያ ሁለት ሰው ሩጫ ነበር። መደበኛውም ጭማሪውም ሰዓት ያለ ጎል አለቀ። መለያ ምት ሆነ። የመጨረሻዋን የመታው ራሱ ማኔ ነው። አገባ። ሴኔጋል በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ በላች። አዛውንቱ ተነሥተው መቆም አቃታቸው፤ ደግፈን አቆምናቸው።

በዚያችው ሌሊት ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ሰኞን የበዓል ቀን ብለው አወጁ። ስብሰባው ቀረ። ሰኞ ረፋድ ላይ ከቢሮዬ መልእክት ደረሰኝ። «ዛሬ ሥራ ቀን ነው፤ ሪፖርቱ የት አለ?» ይላል። የአገሩ ፕሬዚዳንት ሥራ የለም ብለዋል፤ የእኔ አለቃ ከሌላ አህጉር ሥራ አለ ይላሉ። ከሁለቱ ቁም ነገር የጎደለው የቱ ነው?

ማክሰኞ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሙሉ ስለ ጨዋታው ነበር። ከሌላ ድርጅት የመጣ አንድ ሰው እሑድ ማታ ከክፍሉ አልወጣም። ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። በመጨረሻ «ወደ አጀንዳው ብንገባ» አለ። ገባን። እሱ ያቀረበው ሐሳብ ላይ ሲደረስ ግን ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ይህ ሰው የእኛን ነገር ከቁብ አይቆጥርም ብሎ ወስኗል። ከዚያ በኋላ ምን ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ለመሆኑ የትኛው አስተናጋጅ ነው ኳስ ያየ እንግዳ የሚንቀው? ኖቬምበር 22 ቀን 2022 ሳዑዲ ዓረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ንጉሥ ሳልማን ማግስቱን የበዓል ቀን አደረጉት። አርጀንቲና ዋንጫውን ስታነሳ ደግሞ ዲሴምበር 20 በአገሪቱ ሙሉ ሥራ ተዘጋ። ብራዚል ውስጥ ብሔራዊ ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን የመንግሥት ቢሮዎች ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ። አስተናጋጆቹ ቢሮ ዘግተው ሲሄዱ፣ የእኛ ሰው ባዶ ኮሪደር ላይ ፋይል ይዞ ይቁም? ቁም ነገረኛ መስሎ የሚታየው ለማን ነው? ለዘበኛው?

ድካሙን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው አጥፍቷል። ይጠየቅ። የሚጠየቀው ግን በእንቅልፉ ነው፤ በኳሱ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ሲነካካ ያደረም እኩል ያንቀላፋል፤ ለእሱ ሰርኩላር ሲወጣ አላየሁም። የደህንነት ነገርም ይነሳል። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከአገሬው ሰው ጋር ሂዱ፣ መመለሻችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የጨዋታውን ማብቂያ ሰዓት እወቁ። ይህን የሚያስተምር ወረቀት ቢበተን ደስ ይለኛል። አንድ ገጽ ይበቃዋል። እነሱ ግን ማስተማር ስለሚከብዳቸው መከልከልን መረጡ።

የ2026ቱ ዋንጫ ደግሞ ከዚህ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይሰፋል። 48 ቡድኖች፣ 104 ጨዋታዎች፣ ሦስት አገሮች፣ 16 ከተሞች፤ ከጁን 11 እስከ ጁላይ 19። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ማለት ነው። ሠራተኛው በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በሊፍት፣ በታክሲ፣ በምሳ ሰዓት፣ በስብሰባ በር ላይ የሚወራውን ሁሉ እየሰማ አፉን ይዝጋ ነው የሚሉት። አንድ ሰው «የማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ይበል? «እንዳላወራ ፈርሜያለሁ» ይበል? ይህ የመሥሪያ ቤቱን ክብር ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይንገረኝ። እኔ የማየው በሰው ፊት መዋረድን ነው። ትልቅ ሰው ልኮ፣ እንደ ሕፃን በሰዓት ተኛ ማለት ነው። ገንዘብ ወጥቶ፣ ቪዛ ተጠይቆ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ የተላከ ሰው አገሩን ሳያይ፣ ሰውን ሳያውቅ፣ የሆቴሉን ግድግዳ አይቶ እንዲመለስ ማድረግ ነው። እውነተኛው ብክነት ይህ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግን እስከዛሬ እንጻጻፋለን። በየዋንጫው አንድ መልእክት ይልኩልኛል። በ2022 ሞሮኮ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 አሸንፋ፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የገባች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ስትሆን፣ «የጂያን ኳስ አሁን ገባች» ብለው ጻፉልኝ። ያንን ሳነብ ኤርፖርት ውስጥ ነበርኩ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ዲሴምበር ላይ የ2026ቱ ዕጣ ሲወጣም ጻፉልኝ። የመክፈቻው ጨዋታ ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ልክ እንደ 2010ሩ። ያኔ የደቡብ አፍሪካው ሻባላላ በ55ኛው ደቂቃ አግብቶ አህጉሩን በሙሉ ያስጮኸበት፣ 1 ለ 1 ያለቀው ጨዋታ። ባፋና ባፋና ከዚያ ወዲህ ዓለም ዋንጫ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሁን የሚጫወቱት ሜክሲኮ ሲቲ፣ አዝቴካ ስታዲየም ነው። «ልጄ፣ በዚያ ቀን የት ነሽ? ከማን ጋር ነው የምታዪው?» አሉኝ።

እኔ በዚያ ሳምንት ጉዞ የለኝም። ሜክሲኮ ሲቲ የሚሄደው ሰርኩላሩን የላከልኝ ወዳጄ ነው። የሽማግሌውን መልእክት አሳየሁት። ስልኬን ይዞ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቅጹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልፈረመም።